ሀሪኬን አልፎ መብራት ሲጠፋ እንዴት ይዋላል (ሂውስተንና አካባቢዋ ላላችሁ)

እኛ አበሾች መብራት ጠፋ ሲባል ብዙም አንደነግጥም፣ ሻማና ክብሪት የት እንዳለ በጨለማ ዳብሰን የምናገኝ ሰዎች ነን፣ ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ "መጣ!" ብሎ ይጮሃል አለቀ። እኔም ጁላይ 8 2024 ሰኞ ጠዋት ሀሪኬን ቤሪል ማታጎርዳ ጋ ከባህር ወጥታ ሂውስተን ላይ ስታልፍ ኤሲው ድንገት ጸጥ ሲል ያልኩት "እሺ ማታ ይመጣል" ነበር። በስድስተኛው ቀን መጣ። ካቴጎሪ 1 (ከአምስቱ የሀሪኬን ደረጃ ትንሿ) ብቻ እኮ ነበረች፣ ግን ከ2.2 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኛ ጨለማ ውስጥ ገባ፣ ከሳምንት በላይ የጠበቀም አለ። ያን ሳምንት የታዘብኩት የአገር ቤቱ ልምዳችን እዚህ ጉድ እንደሚሰራን ነው። እዛ መብራት ሲሄድ ከሰል አቀጣጥለን ቡና እናፈላለን፣ መስኮት እንከፍታለን፣ ፍሪጅ ውስጥም ያን ያህል የሚበላሽ ነገር የለንም። እዚህ ከሰሉ ይገድላል፣ መስኮቱ ቢከፈትም የሚገባው ወላፈን ነው፣ ፍሪዘሩ ደግሞ የሶስት ወር ወጥ ይዟል።

ከከሰሉ ልጀምር። ከሰል፣ ግሪል፣ የካምፕ ጋዝ፣ ጀነሬተር፣ ጋራዥ ውስጥ የተነሳ መኪና፣ እነዚ ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣሉ፣ አይታይም አይሸትም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ያመጣል፣ ሰውየው ደግሞ ሙቀቱ ነው ድካሙ ነው ብሎ ጋደም ይላል፣ በዛው ይቀራል። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ያ ክፉ ብርድ ቴክሳስን ያጨለመ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ከእኛው ወገን ሂውስተን ውስጥ የሞቱ አሉ፣ እናንተም ሰምታችኋል። አገር ቤት ያደግንበት ቤት በበሩ ስር በጣሪያው ክፍተት ንፋስ ይገባዋል፣ የዚህ አገር ቤት ግን ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ተብሎ ጥርቅም ያለ ነው። ቡና ካማራችሁ ምድጃውን ይዛችሁ ግቢ ውረዱ፣ ባልኮኒም አይሆንም። እኛ ፓርኪንጉ ጫፍ ዛፍ ስር ወንበር አውጥተን አፈላን፣ ጎረቤቴ ሜክሲኳዊቷ እስከ በረካው ጠጥታ ሌሊቱን ሙሉ አይኗ ፈጦ አደረ፣ እስካሁን ትወቅሰኛለች። በባትሪ የሚሰራ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ደግሞ ሀሪኬኑ ሳይመጣ ግዙ፣ ውድ አይደለም። ጮኸ? ሁሉም ሰው ወደ ውጭ፣ ከዛ 911።

ጀነሬተር ያላችሁ ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ማለትም 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭስ ማውጫው ከበርና ከመስኮት ዞር ይበል፣ የጎረቤታችሁንም መስኮት እዩ። ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይሆንም። ቤንዚን ስትጨምሩ አጥፍታችሁ በረድ እስኪል ጠብቁ። ሌላው፣ ሁለቱም ጫፉ ሶኬት ውስጥ የሚገባ ገመድ ሰርቶ ጀነሬተሩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት የሚባል "ብልጠት" አለ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ከረንቱ ተመልሶ ወደ መንገዱ መስመር ይወጣና መብራታችሁን ሊቀጥል ምሰሶ ላይ የወጣውን ሰራተኛ ሊገድለው ይችላል። ፍሪጁን በኤክስቴንሽን በቀጥታ ጀነሬተሩ ላይ ሰኩት በቃ። ትልቅ ጀነሬተርም የግድ አይደለም፣ 5000 ቢቲዩ የምትባለዋ ትንሿ የመስኮት ኤሲ 500 ዋት ገደማ ነው የምትበላው፣ ፍሪጅ ሲነሳ ብዙ ይስባል እንጂ ከተነሳ በኋላ ብዙውን ጊዜ 200 ዋት እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ 2000 ዋት ጀነሬተር ቢኖራችሁ አንድ መኝታ ቤት አቀዝቅዞ ቤተሰቡን በሙሉ እዛው ፍራሽ አንጥፎ ማስተኛት ይቻላል። አፓርትመንት ያላችሁ ቻርጅ የሚደረገውን ትልቁን ባትሪ ነው መያዝ ያለባችሁ፣ እሱ ጭስ ስለሌለው ቤት ውስጥ ይሰራል።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ። ያኔ የሰኔ ጾም ገና አላለቀም፣ ሐምሌ 5 ሊፈታ አራት ቀን ቀርቶት ነበር፣ የኔም ፍሪዘር ለፍቺ ተብሎ በተቀመጠ ሥጋና ዶሮ ጢም ብሏል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ ፍሪጅ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት። ካልተከፈተ ነው ያልኩት! ባለቤቴ በየሰዓቱ "እስቲ ልየው" እያለ ሲከፍት በመጨረሻ በሩን በፕላስተር አሸግኩበት። ከማዕበሉ በፊት ባዶ ቦታውን በውሃ በተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉት (ጫፉ ድረስ አይደለም፣ ሲበርድ ይፈነዳል)፣ ቅዝቃዜ ያቆያል ሲቀልጥ ደግሞ ይጠጣል። አንድ ስኒ ውሃም አበርዱና ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ፣ ቤት ጥላችሁ ሄዳችሁ ስትመለሱ ሳንቲሙ በረዶው ውስጥ ወደ ስኒው ታች ሰምጦ ከሆነ ሁሉም ቀልጦ እንደገና በርዷል ማለት ነው፣ አትብሉት።

የቀለጠ ሥጋ ገና በረዶ በረዶ የሚል ነገር ካለው ወይ ከ40 ፋረንሃይት በታች ከሆነ መልሳችሁ ማስገባት ወይ ማብሰል ትችላላችሁ። ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ወጥ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ ከ4 ሰዓት በኋላ ይጣል። "ላሙቀው፣ ሲንተከተክ ይሞታል" የምትሉ አውቃችኋለሁ፣ እናቴም እንደዛ ናት፣ ግን አንዳንዱ ተህዋስ የሚተወው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም፣ ቀምሶ ማረጋገጥ የሚባል ነገርም የለም። የሚተርፈው ንጥር ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ኳንታ ነው፣ በነገራችን ላይ ከዚህ የተሻለ የሀሪኬን ስንቅ የትኛውም ኮስትኮ ውስጥ የለም። እንጀራው በሂውስተን ወበቅ ሶስት ቀን ሳይሞላው ይሻግታል፣ ቆራርሳችሁ ጸሐይ ላይ ድርቆሽ አድርጉት። ምጣዳችን በኤሌክትሪክ ነው፣ ስለዚህ ማዕበሉ ነገ ነው ከተባለ ዛሬ መጋገር ነው።

ከሁሉም ከባዱ ሙቀቱ ነው። ቤሪል ካለፈች በኋላ ከወበቁ ጋር ከ100 ፋረንሃይት በላይ የሚሰማ ቀን ነበር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለን ደግሞ ሌሊትም አይበርድልንም። ጸሐይ የሚመታውን መጋረጃ ቀን ዝጉ፣ ማታ ውጭው ከውስጥ ሲሻል ክፈቱ፣ አንገትና ብብት ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጉ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሻወር ውሰዱ። በባትሪ የሚሰራ ፋን ጥሩ ነው ግን ክፍሉ ከ90 ካለፈ ሙቅ አየር ነው የሚነፋባችሁ። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ መጀገን ትቶ መብራት ያለበት ዘመድ ቤት ወይ ላይብረሪ መሄድ ነው፣ 211 ብትደውሉ ቅርባችሁ ያለውን ማቀዝቀዣ ቦታ ይነግሯችኋል፣ አስተርጓሚም ጠይቁ። በተለይ ከአገር ቤት የመጡ እናት አባት ያላችሁ፣ እነሱ "ደህና ነኝ ልጄ" ከማለት ውጪ ምንም አይሉም፣ ውሃ የጠጡትን ራሳችሁ ቁጠሩ። ንግግራቸው ከተሳሰረ፣ ግራ ከተጋቡ፣ ሰውነታቸው እንደ እሳት ከጋለ 911 እንጂ ጸበልና ሎሚ ውሃ ብቻ አይሆንም።

ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ከፍሪጅ ውጪ ከ59 እስከ 86 ፋረንሃይት ባለ ቦታ እስከ 28 ቀን ይቆያል፣ ችግሩ መብራት የጠፋበት ቤት ከ86 ያልፋል፣ ስለዚህ ኩለር ውስጥ በፎጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፣ በረዶውን እንዳይነካ፣ ከበረደ ይበላሻል። ኦክስጅን ማሽን ያለው ሰው ደግሞ ቀድሞ 211 ደውሎ ቴክሳስ በአደጋ ጊዜ እርዳታ ለሚፈልጉ ሰዎች በያዘችው ዝርዝር ውስጥ ይመዝገብ።

ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ከተባለና ምድጃችሁ ካልሰራ፣ ሽታ የሌለው 6 ፐርሰንት በረኪና ለአንድ ጋሎን ንጹህ መልክ ላለው ውሃ 8 ጠብታ፣ 30 ደቂቃ አቆዩት። መሬት የወደቀ ሽቦ ሁሉ ከረንት እንዳለው ቁጠሩት፣ አትጠጉት። ስልክ መኪና ላይ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፣ መኪናው ደጅ ቆሞ። መብራት የትኛው ሰፈር መጣ የሚለውን ለማወቅ ያኔ የሂውስተን ሰው ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ? የመብራት ኩባንያው ማፕ ስላልነበረ የዋታበርገርን አፕ ከፍቶ የትኛው በርገር ቤት ክፍት ነው ብሎ ያይ ነበር፣ ክፍት የሆነበት አካባቢ መብራት አለ ማለት ነው። ሳቅንበት ግን ሰራ።

ምግቡን ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ ሪሲት ካለ ያዙ፣ የተከራይ ኢንሹራንስም ቢሆን አንዳንዱ የተበላሸ ምግብ ይከፍላል። ፉድ ስታምፕ ያላችሁ በፉድ ስታምፕ የገዛችሁት ከተበላሸ እንዲተካላችሁ በ10 ቀን ውስጥ ማመልከት አለባችሁ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው ቀኑ የሚያልፈው። ለፊማ (የፌዴራሉ የአደጋ እርዳታ መስሪያ ቤት) ደግሞ ካውንቲያችሁ የአደጋ ቦታ ተብሎ ከታወጀ ስልኩ 1-800-621-3362 ነው፣ በራችሁ ላይ መጥቶ ገንዘብ የሚጠይቅ "የፊማ ሰራተኛ" ካለ ሌባ ነው፣ ፊማ ለማመልከቻ ሳንቲም አይጠይቅም።

መብራቱ ሊመጣ ሲል ብልጭ ድርግም ይላልና ኤሲውን፣ ቲቪውን፣ ኮምፒውተሩን ቀድማችሁ ንቀሉ፣ አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ ስትተኙም እንዲቀሰቅሳችሁ። ምጣዱንም እዩት። እኔ ሰኞ ጠዋት እየጋገርኩ ነበር የጠፋው፣ ሶኬቱን ሳልነቅል ረስቼው በስድስተኛው ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ "መጣ!" የሚለው ጩኸት የቀሰቀሰን ከፕላስቲክ አክንባሎው ሽታ ጋር ነው።