ለድድ ሕመም ጥናት ምራቅ አወሳሰድ

ድድ ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎች ወደዚያ ይጎርፋሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ኤምኤምፒ-8 የተባለ ኢንዛይም ጥርስን አቅፎ የያዘውን ኮላጅን ይበጣጥሳል፤ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለው የቁጣ መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን ደግሞ አጥንቱ እንዲሳሳ ይገፋል። ሁለቱም ከምራቅ ጋር ስለሚቀላቀሉ የሕመሙ ጠቋሚዎች ሆነው በላብራቶሪ ይለካሉ። የአወሳሰድ ስህተትን ግን የትኛውም ማሽን አያርመውም።

ታካሚው ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ ለ1 ሰዓት ምግብ፣ ቡና፣ ጫትና ሲጋራ እንዳይቀምስ ቀድማችሁ ንገሩት። ጥርሱንም አይፋቅ። በሰበታም ሆነ በሱሉልታ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ አፉን አጽድቶ መቅረብ ይወዳል፤ የታመመ ድድ ደግሞ መፋቂያ ሲነካው ይደማል። ስለዚህ «ብሩሽም መፋቂያም» ብላችሁ በስም ጥሩለት።

ሁሉንም ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ተቀበሉ። በንጹሕ ውሃ ተጉመጥሙጦ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ አለዚያ የቀረው ውሃ ምራቁን ያቀጥነዋል። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ምራቁ በራሱ ጊዜ ወደ ቱቦው ይንጠባጠብ። አክታ አይጨመር። ማስቲካ ምራቁን አብዝቶ ጠቋሚዎቹን ያሳሳል፣ ጥጥም ፕሮቲኑን ይዞ ያስቀራል፤ ሁለቱንም ተዉ። ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚያመነጭ፣ 2 ሚሊ ሊትር ለማግኘት ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃል። በሰው ፊት ምራቅ ማንጠባጠብ ያሳፍራልና መጋረጃ ጋርዱለት፤ የተሳቀቀ ሰው አፉ ይደርቃል።

የድድ ኪስ፣ ማለትም በድድና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት፣ የሚለካው ከዚህ በኋላ ነው፤ ፕሮብ የሚባለው ቀጭን መለኪያ ቀድሞ ከገባ ደም ከምራቁ ጋር ይቀላቀላል። ቀላ ያለ ናሙና ይጣል፣ ታካሚውም ለሌላ ቀን ይቀጠር። በየጥርሱ 6 ቦታ ለኩ፤ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውንና የደማውን መዝግቡ። ምራቅ የትኛው ጥርስ እንደታመመ አይናገርምና ይህ መዝገብ የግድ ነው።

ቱቦው ከመጀመሪያው በበረዶ ውስጥ ይሁን፤ የምራቅ ኢንዛይሞች በሙቀት ጠቋሚዎቹን ይበላሉ። ናሙናው ወደ ላብራቶሪ ሲወሰድ የጅማው መንገድ በከባድ መኪና ሲጨናነቅ ስለሚያስመሽ ትርፍ አይስ ፓክ ያዙ። ላብራቶሪ ሲደርስ በ4 ዲግሪ፣ በፍጥነት እያሽከረከረ ዝቃጩን በሚለይ ማሽን (ሴንትሪፊዩጅ) ይዙር፤ ከላይ የጠራው በ0.5 ሚሊ ሊትር ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጥ። መከፋፈሉ አንዱ ለምርመራ ሲቀልጥ ሌላው እንዳይነካ ነው፤ ደጋግሞ ማቅለጥ ፕሮቲኑን ይጎዳል።

ቅጹ ላይ ስኳር በሽታ፣ እርግዝናና የአፍ ቁስል ይጠየቁ፤ ያለ ድድ ኪስም ቁጥሩን ሊያንሩት ይችላሉ። ሲጋራም ይጠየቅ፤ የአጫሽ ድድ ቢታመምም ብዙ አይደማም።