የድሮ የአዲስ አበባ ፎቶ ለምትፈልጉ

ስለ ሰፈራችሁ ታሪክ የምትጽፉ ወይም የድሮ ፎቶ የምታሳድዱ ካላችሁ፣ ከቴሌግራም ቻናል በፊት የዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማኅደር ክፈቱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይወርዳሉ። ስለ መርካቶ ንግድ በሉት፣ ስለ አቃቂ ወንዝ ብክለት፣ ምን የሌለ አለ! ሙሉውን ማንበብ ከታከታችሁ መጨረሻ ላይ ያለውን የዋቢ ዝርዝር ብቻ እዩት። ግማሹን ሥራ ያቀልላችኋል።

ፎቶ ላይ ግን ጥንቃቄ። ከሥሩ የተጻፈው ዓመት ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከእኛው ጋር የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለው። ጭራሽ ዓመት ከሌለውስ? ሐውልት ፈልጉ። አራዳ ጊዮርጊስ ጋ ያለው የምኒልክ ሐውልት የቆመው በ1923 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ነቅሎ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ አደባባዩ ላይ ሐውልቱ ከሌለ፣ ፎቶው ወይ ከ1923 በፊት ነው ወይ በጠላት ዘመን የተነሳ። አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 ሐውልት ከታየ ደግሞ ከ1933 ወዲህ ነው፣ አለቀ። እኔ በበኩሌ ማን እንደጻፈው ከማይታወቅ መግለጫ ይልቅ ሐውልቱን አምናለሁ።

ኢንተርኔት ላይ ያጣችሁትን ስድስት ኪሎ ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዳችሁ ጠይቁ። መታወቂያ እንዳትረሱ። ያገኛችሁትን ፎቶ መለያ ቁጥርም እዚያው ጻፉት፤ ያለ ቁጥር ድጋሚ ማግኘት ጣጣ ነው።