ሦስት ደረጃ ላለው በር ራምፕ አሠራር፦ ለድሬዳዋና ለሐረር

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሆነ መጋላ ብዙ ፋርማሲ፣ ክሊኒክና ሱቅ በሩ ከመንገዱ ሁለት ሦስት ደረጃ ከፍ ያለ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ እንዳይገባ ስለሚረዳ በሩን ዝቅ ማድረግ አያዋጣም፤ መፍትሔው ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ራምፑን በተረፈው ቦታ ልክ ስንሠራው ነው። ርዝመቱን ከፍታው ይወስነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር የሚጠቀሙም ሆኑ ደረጃ መውጣት የሚያቅታቸው ሰዎች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው አዟል። በሴንቲሜትር ለመሥራት ግን ቁጥር ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ሰጪውን ቢሮ ከጠየቃችሁ በኋላ የሌሎችን አገሮች መለኪያ ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ 1 ለ 12 ትላለች፤ ለ1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ማለት ነው። ጀርመን ከ6 በመቶ በላይ አትፈቅድም። እንግሊዝ ርዝመቱን አይታ ነው የምትወስነው፤ 2 ሜትር ለሆነ 1 ለ 12፣ 5 ሜትር ለሆነ 1 ለ 15፣ 10 ሜትር ለሆነ 1 ለ 20። ለሰው ክንድ የሚያስበው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጎማውን በእጁ እየገፋ የሚወጣ ሰው መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይደክማልና። ቦታ ካላችሁ ወደ 1 ለ 15 ወይም 1 ለ 20 ሂዱ። 1 ለ 12 የመጨረሻው ወሰን ይሁን።

መጀመሪያ ከፍታውን ለኩ። ደረጃዎቹን ቆጥሮ በ15 ማባዛት አይበቃም፤ የእግረኛው መንገድ ራሱ ወደ ቦዩ ያዘቀዝቃል። ራምፑ የሚጀምርበትን ነጥብ ምረጡ፤ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ የበሩን ወለል ከፍታ እዚያ ድረስ አምጡና ከመሬቱ ለኩ። ሦስት ደረጃ 45 ሴንቲሜትር መስሎ በልኬት 52 ሊሆን ይችላል። ለ45 የታሰበው 5.40 ሜትር ለ52 ሲውል 1 ለ 10 ገደማ ይሆናል፤ ለ52 የሚያስፈልገው 6.24 ሜትር ነው።

ቦታው ካጠረ ራምፑን እጠፉት እንጂ ዳገቱን አታብዙት። 45 ሴንቲሜትሩን ለሁለት ከፍላችሁ 2.70፣ 2.70 ሜትር አድርጉት፤ መታጠፊያው ላይ ቢያንስ 1.50 በ1.50 የሆነ ሜዳ ማረፊያ ይኑር። ከላይ በሩ ፊት ለፊትም ይኸው ልክ ያስፈልጋል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ማረፊያው ከመዝጊያው መክፈቻ አልፎ ይቆጠር፤ አለበለዚያ ሰውየው በሩን ሲስብ ወደ ቁልቁለቱ ይመለሳል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፣ አደጋውም ከሁሉ የከፋ ነው።

ስፋቱን ጀርመን 1.20 ሜትር፣ እንግሊዝ 1.50 ትጠይቃለች። ከ1.20 አትውረዱ።

ለሥራው አፈሩን እስከ ጠንካራው ድረስ ቆፍሩ፤ የጎን ግድግዳውን በድንጋይ ገንቡ። ገረጋንቲውን በየ20 ሴንቲሜትሩ ውሃ እያጠጣችሁ ጠቅጥቁ። የድሬ አሸዋማ አፈር ሳይጠቀጠቅ ከቀረ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጥና ከበሩ ደፍ ጋር ጉርብጥ ይፈጥራል። በላዩ ድንጋይ ንጠፉ፤ ከዚያ 10 ሴንቲሜትር ኮንክሪት፣ 1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ለ3 ጠጠር። 5.40 በ1.20 ለሆነ ራምፕ ከነላይኛው ማረፊያ 0.9 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ 7 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል።

ከማፍሰሳችሁ በፊት 120 ሴንቲሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ኮንክሪቱን በሚይዘው የጎን መያዣ ላይ አስቀምጡ፤ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል የታችኛውን ጫፍ ከፍ አድርጉ። በጣውላውና በመያዣው መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር ከበለጠ የራምፑ ዳገት በዝቷል፤ ማስተካከል የሚቀለው አሁን ነው።

ማለዳ አፍስሱ። በቀትር ፀሐይ የፈሰሰ ኮንክሪት ላዩ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሊሾ አታድርጉት፣ ሴራሚክም አታንጥፉ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ገና ሳይጠነክር በሻካራ መጥረጊያ ወርዱን አቋርጣችሁ ጥረጉት። በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ 7 ቀን አጠጡ። ክፍት በሆነው ጎን 10 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ አብራችሁ ሥሩ፤ ጎማ እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው።

የእጅ መደገፊያ ላይ ሦስቱ አገሮች ይቀራረባሉ፤ አሜሪካ ከ86.5 እስከ 96.5 ሴንቲሜትር፣ እንግሊዝ ከ90 እስከ 100፣ ጀርመን ከ85 እስከ 90። ስለዚህ 90 ላይ ብትተክሉት ሁሉንም ያሟላል። 4 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቱቦ ይሁን፣ ከግድግዳው 5 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ በሁለቱም ጫፍ 30 ሴንቲሜትር ይለፍ። በድሬ ፀሐይ ባዶ ብረት ከሰዓት በኋላ አያስይዝም፤ ጥላ አድርጉለት ወይም በእንጨት ሸፍኑት።

የበሩን ነገር አትርሱ። ሲከፈት የሚቀረው ንጹሕ ክፍተት 90 ሴንቲሜትር ይሁን፤ 90 የሚባለውን በር ብታዙ ፍሬሙና መዝጊያው ይወስዱበታል፣ ስለዚህ መቶ እዘዙ። ደፉ ከ13 ሚሊሜትር አይብለጥ። ውስጥ መጸዳጃው በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወለሉ ላይ ዲያሜትሩ 1.50 ሜትር የሆነ መዞሪያ ይኑር፤ መቀመጫው 48 ሴንቲሜትር ከፍታ ይኑረው።

ሐረር ጁገል ውስጥ ነገሩ ይለያል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ ስለሆነ ከቅርስ ክፍሉ ሳይፈቀድ ግድግዳና ደረጃ አይነካም፤ ጠባቡ መንገድ ላይ ቋሚ ራምፕ ቢሠራም ሌላውን መንገደኛ ይዘጋል። እዚያ የሚያዋጣው ተነሺ ራምፕ ነው። አሜሪካ ቦታ ለጠበበው ነባር ሕንፃ እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍታ 1 ለ 10 ትፈቅዳለች፤ እናም ለአንድ ደረጃ 1.50 ሜትር ጠንካራ ጣውላ ይበቃል። ላዩ ሻካራ ይሁን፣ ጎኑ ጠርዝ ይኑረው፣ የላይኛው ጫፍ ደፉ ላይ በመንጠቆ ይያዝ፤ ካልተያዘ ጎማው ሲገፋው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ለሁለት ደረጃ ግን ወደ 1 ለ 12 ተመልሶ 3.60 ሜትር ስለሚሆን አንድ ሰው አያነሳውም፤ ሁለት ቦታ የሚፈታ አድርጉትና ሠራተኞቹን አሠልጥኑ።

ሥራው ሲያልቅ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ጋብዙ፣ ለጊዜውም ክፈሉት። ከባጃጁ ወርዶ እስከ መጸዳጃው ድረስ ብቻውን ይሂድ። የቦዩ ክዳን ፍርግርግ ላይ የፊት ጎማው የሚገባ ከሆነ ብረቶቹ ከጉዞው አቅጣጫ አቋርጠው፣ ክፍተታቸውም ከ13 ሚሊሜትር ሳይበልጥ እንደገና ይበየዱ።