«የዓለም ጦርነት መቼ አበቃ?» ብሎ ልጅ ሲጠይቅ እንዴት እንመልስ

ደብረ ማርቆስ ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው ለአዳዲስ መምህራንና ልጆቻቸውን ለሚያስጠኑ ወላጆች ነው። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ስትጠየቁ «1945» ብላችሁ አትለፉት። ቁጥሩ ልክ ነው። ልጁ ግን ጦርነት እንዴት እንደሚያልቅ አላወቀም።

መጀመሪያ «የት?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። ካርታ ስቀሉና ከራሱ አገር ጀምሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገቡ። መጋቢት 28 እዚሁ ማርቆስ ደረሱ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ጎንደር የነበረው የጣሊያን ጦር ግን እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። እኛ ጋ እልል ሲባል ጎንደር ገና ተኩስ ነበር። ልጁ መንገዱን በጣቱ ይከተል። ንጉሡ ከመምጣታቸው በፊት ለዓመታት በዱር በገደሉ የተዋጉትን የጎጃም አርበኞች ሳታነሱ ግን ካርታውን እንዳታወርዱት፤ አደራ!

ከዚያ ወደ አውሮፓ እለፉ። እዚህ የዘመን አቆጣጠሩ ብዙ ልጆችን ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ 8 ይቀነሳል። ስለዚህ የፈረንጆቹ ግንቦት 1945 በእኛ 1937 ነው። ጀርመን ሚያዝያ 29 ሬምስ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ እጅ መስጠቷን ፈረመች። ሶቪየቶች ይህ አልበቃቸውም፤ በማግስቱ ሌሊት በርሊን ላይ እንደገና ተፈረመ። ምዕራቡ ሚያዝያ 30ን ያከብራል። ሞስኮ ላይ እኩለ ሌሊት አልፎ ስለነበር ሩሲያ ቀኑን የምታከብረው ግንቦት 1 ነው። ለማርቆስ ልጅ «አንዱ በማርቆስ በዓል፣ ሌላው በልደታ» በሉት፤ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ጃፓን ላይ አትቸኩሉ። ሐምሌ 30 ሂሮሺማ፣ ነሐሴ 3 ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ተመቱ። በመሀል ሶቪየት ኅብረት ጦርነት አወጀች። ነሐሴ 9 የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ እጅ መስጠታቸውን በሬዲዮ ተናገሩ፤ ነሐሴ 27 ሚዙሪ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ፊርማው ተፈጸመ። «ከመጀመሪያው ቦምብ በኋላ ለምን ወዲያው አላቆሙም?» ብላችሁ ዝም በሉ። ልጆቹ ይከራከሩ። ጃፓንን ያስቆማት ቦምቡ ነው ወይስ የሶቪየት መግባት በሚለው ላይ ምሁራኑም ዛሬ ድረስ አልተስማሙም። እናንተም አንዱን ብቻ መርጣችሁ አታስጨብጡ።

ተኩስ ቆመ ማለት ሰላም ተፈረመ ማለት አይደለም። የጣሊያን የሰላም ውል ፓሪስ ላይ የተፈረመው የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን የኢትዮጵያን ነጻነት አወቀች፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈልም ተስማማች። ውሉ የጣሊያንን ተጠያቂነት ለእኛ የቆጠረው አውሮፓ ከተዋጋበት ቀን አይደለም፤ ከወረራው፣ ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፉት። የተዘረፈ ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስም ውሉ ያዛል። የአክሱም ሐውልት የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው! እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ለተማሪዎቼም አልደብቃቸውም።

በመጨረሻ የቤት ሥራ ስጡ። አያቶቻቸውን፣ ካጡም የሰፈር ሽማግሌዎችን፣ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይጠይቁ። «ቀኑ ስንት ነበር?» አይበሉ። «በየትኛው በዓል ሰሞን ነበር? ምን እየተዘራ ነበር? ማን ከዘመቻ ተመለሰ፣ ማን ቀረ?» ይበሉ። ቢቸና አካባቢ ስለ 1937 ቢጠይቁ የሚሰሙት የበርሊን ዜና ላይሆን ይችላል። በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው በዚያው ዓመት ነው። ልጁ ይህን ይዞ ከመጣ «ከርዕስ ወጣህ» አትበሉት። በሽማግሌው አነጋገር እንዳለ ይጻፈው፤ ቀኑን ከፈረንጆቹ ጋር ማዛመዱን ክፍል ውስጥ አብራችሁ ሥሩት።