ማታ ምጣዱ ለምን ይደክማል? የጎንደር ቤት መብራት ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ሐሙስ ማታ እናቴ ምጣድ ላይ ነበረች። የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን አወጣች። ሦስተኛዋ ገረጣች። አምስተኛዋ ጭራሽ ተጣብቃ ቀረች። «ሊጡ ነው የከዳኝ፣ አብሲቱ ቀጥኖ ይሆናል» እያለች አመሸች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ያንኑ ሊጥ፣ በዚያው ምጣድ ጋገረችው። ዓይኑ እንደ ወንፊት ሆኖ ወጣ። ሊጡ ምንም አልሆነም ነበር። የከዳት ሰዓቱ ነው።

የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውሃ ነው የሚመጣው፤ ነፋስም ትንሽ ይደግፈዋል። የጣናን ውሃ የሚጠቀመው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው ህዳሴ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ እያለ እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለ ምጣድ ለምን ይደክማል? ውሃውስ ግድቡ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀናል። ሰፈር ውስጥ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ግን ማታ ሁላችንንም በአንዴ መሸከም አይችልም። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እዚህ ይመጣሉ።

ምልክት፦ ማታ ምጣዱ አይግልም፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል

አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። 100 ኬቪኤ የሆነ፣ ማለትም ቢበዛ 100,000 ዋት ገደማ የሚሸከም ትራንስፎርመር ስንት ምጣድ ይችላል ብላችሁ አስሉት፤ 28 ነው። ያውም ሌላ ምንም ሳይበራ! ምድጃው፣ ቦይለሩ፣ ካውያው አልተቆጠረም። ከማታ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ደግሞ ሁሉም ከሥራ ገብቶ ሁሉንም ይለኩሳል።

ያኔ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 መሆን የነበረበት 180 ሲሆን ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለምጣድ ግን ትልቅ ነው። ሙቀቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 2,300 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። እንጀራው የሚገረጣው ለዚህ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ካላችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ቮልቴጁ ወርዶም ደህና ይበራል። የድሮው ክብ አምፖል ይሻል ነበር፣ ቢጫ ሆኖ ያሳብቅ ነበር።

መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ። የእነሱም ደክሞ ከሆነ ጭነቱ የሰፈሩ ነው። የእናንተ ብቻ ከሆነ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ያለ የላላ ወይም የቀጠነ ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪሽያን ይየው።

የሰፈሩ ከሆነ መድኃኒቱ ሰዓት መቀየር ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ጭነቱ ይቀላል። ቀን ቤት የሚውል ሰው ካለ እንጀራውም፣ ካውያውም፣ ልብስ ማጠቢያውም ወደዚያ ይሂድ። ሁሉም ሰው ማታ ብቻ ነው የሚመቸው? እንግዲያው ተራ ያዙ። እኛ ሰፈር ሴቶቹ ቡና ላይ ተነጋግረው ማክሰኞ የላይኛው ግቢ፣ ሐሙስ የታችኛው ተባባሉ። ለስብሰባ ደብዳቤ አላስፈለገም። በበዓል ዋዜማ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ለጥምቀት ከሁለት ቀን በፊት መጋገር ይሻላል።

ፍሪጁን በተመለከተ፦ እያጉረመረመ ካልተነሳ ንቀሉት። ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ሲታገል ሞተሩ ይቃጠላል። ዘግታችሁ ካልከፈታችሁት ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ቀን ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዞ በረዶ ማድረግም ጥሩ ዘዴ ነው። የቀኑን መብራት ለማታ አስቀመጣችሁ ማለት ነው።

ምልክት፦ መብራት መጣ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ሄደ

ልጆቹ «መጣ!» ብለው ጮኸው ሳይጨርሱ ጨለማ። ሲሄድ እንደበራ የተተወው ምጣድና ምድጃ ሁሉ ሲመጣ በአንዴ ይነሳል። ትራንስፎርመሩ ወይም መስመሩ አይችልም።

መብራት ሲሄድ ከባድ ከባዱን ንቀሉ። አንድ አምፖል ብቻ ለምልክት ክፍት ተዉ። ሲመጣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ መጀመሪያ ፍሪጁን፣ ቆይቶ ምጣዱን። ጎረቤት ካልጠበቀ የእኔ መጠበቅ ምን ዋጋ አለው ትሉ ይሆናል። ቢያንስ የእናንተ ዕቃ አይቃጠልም።

ምልክት፦ የምጣዱ ሶኬት ይሸታል፣ ጠቁሯል

ይሄ ሰዓት አይጠብቅም፣ ዛሬውኑ አቁሙ። ምጣድ 16 አምፒር ያህል ይስባል። በማከፋፈያ ገመድ፣ ቲቪና ቻርጀር ከተሰካበት ጋር አብሮ የሚሰካ ዕቃ አይደለም። ለብቻው መስመር፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ቀን ስትጋግሩ ቮልቴጁ ሙሉ ስለሚሆን ምጣዱ ከማታው የበለጠ ይስባል፤ ስለዚህ ሰዓት ከመቀየራችሁ በፊት ሽቦውን አሳዩ።

ምልክት፦ ሶላሩ ማታ 3 ሰዓት ላይ ያልቃል

12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙት። 600 ዋት ሰዓት ምጣድን ቢበዛ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው የሚያቆየው። አምፖልና ቲቪ ግን ማታውን ሙሉ ያደርሳል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ባትሪው አይደለም። ስልኩ፣ ራዲዮኑ፣ የእጅ ባትሪው ማታ ላይ ስለሚሞላ ነው። ፀሐይ እያለ፣ በተለይ ከረፋዱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ቻርጅ አድርጓቸው። ያኔ ባትሪው ገና ሳይነካ ይመሻል። ቀጥሎ ጣራ ላይ ውጡ። በመጋቢት አቧራ ፓነሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጠዋት ሳይግል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ፊቱ ወደ ደቡብ በትንሹ ያዘነበለ ይሁን፣ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጥላም አይንካው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ስለማይነሳ ምንም ብታደርጉ ይቀንሳል፤ ቲቪውን ማሳጠር ነው።

ምልክት፦ ሰዓት ቀየርኩ፣ ሂሳቡ ግን ያው ነው

ትክክል ነው፣ አይቀንስም። የቤት ታሪፍ የሚሰላው በወሩ ፍጆታ እርከን ነው፤ ብዙ ስትጠቀሙ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ረፋድ መጋገር እንጀራውን እንጂ ካርዱን አያድንም። ካርዱን የሚያድነው በሳምንት ሦስቴ ምጣድ ከማጋል አንዴ ብዙ መጋገር ነው፤ ምጣዱ እስኪግል የሚበላው ቀላል አይደለም። እናቴ አሁን ሁለት እንጀራ ሲቀራት ታጠፋዋለች። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ሁለቱም ዓይን ያወጣሉ። እሷ ሰፌዱን ስታነሳ ደግሞ የትናንቱን ቁርጥራጭ እንጀራ ምጣዱ ላይ ትበትነዋለች፤ እስኪነጋ ድርቆሽ ሆኖ ያድራል።