«ጭንቅላቱ አይቀበልም» ከማለታችን በፊት

የደብረ ብርሃን ብርድ ለመምህርም አያዝንም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ። መምህሩ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ያስተምራል። የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ የተጠራሁት ስለ አንዲት ልጅ ነው። «ጭንቅላቷ አይቀበልም። ከእረፍት በኋላ ግን ትንሽ ትነቃለች» ነበር ያሉኝ። ይቺ «ከእረፍት በኋላ» የምትለዋ ነገር አልዋጥልኝ አለች። ጭንቅላት በደወል አይሠራማ!

እረፍት ወጥተን ተመለስን። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። መምህሩ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። ልጅቷ እጇን አወጣች፤ መለሰችም። ለካ ስትከታተል የኖረችው በጆሮዋ ብቻ ሳይሆን በመምህሩ ከንፈርም ነው።

የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ልጅን ቢሮ አስገብቶ፣ ፈትኖ፣ «ይህ አለበት» ብሎ ወረቀት የሚሰጥ ሰው ነው። ወረቀቱም አለ። ዋናው ሥራ ግን ክፍል መግባት፣ ከወላጅ ጋር ቡና መጠጣት፣ በልጁ ዙሪያ ምን ቢለወጥ መማር እንደሚቀለው መፈለግ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስዞር ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ላንሳ። የወላጅ አሉ፣ የመምህር አሉ። የኔም አሉበት።

ዓይንና ጆሮን ዘሎ ወደ አእምሮ መሮጥ

እ.ኤ.አ. በ1896 ላይትነር ዊትመር የተባለ አሜሪካዊ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ልቦና ክሊኒክ ከፈተ። መጀመሪያ የመጣለት ቃላት አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ሲታይ ዓይኑም ችግር አለበት፤ መነጽር ተደረገለት። መነጽሩ ሁሉንም አልፈታም። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ማስተማር ግድ ነበር። ቅደም ተከተሉ ግን ዛሬም ያው ነው።

በአማራ ክልል ትራኮማ ብዙ ዓይን ያበላሸ በሽታ ነው። የሚመግል ጆሮም «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ስንት ዓመት ይከርማል። የዚያች ልጅም ጆሮ በሕፃንነቷ ይመግል እንደነበር እናትየው የነገሩኝ እንደ ተራ ነገር፣ ቡና እየቀዱ ነው።

ስለዚህ ከልጁ ጀርባ ቆማችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ ስሙን ጥሩት። ሰሌዳ ላይ ያለውን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ወንበር ሆኖ ያንብብላችሁ። ልዩነት ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ። ልዩነት ባታዩም ጥርጣሬ ካላችሁ አስመርምሩት፤ የኛ ሙከራ ጥቆማ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ነጥብን እንደ ፍርድ መያዝ

ይህ የባለሙያው ስህተት ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተናውን ሲያዘጋጅ የፈለገው ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ መለየት ነበር። የማሰብ ችሎታ ሲወለዱ ተወስኖ የሚያልቅ፣ የማይጨመርበት ነገር ነው የሚሉትን ራሱ ይቃወም ነበር። ፈተናው ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን ለስንቱ ልጅ ማኅተም ሆነ።

ወደኛ ስናመጣው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው ሥዕል ለመንዝ ልጅ አሳይቶ «ምን ይጎድላል?» ማለት የትውልድ ቦታውን መፈተን ነው። ያው ልጅ ሠላሳ በግ አሰማርቶ፣ ማታ ወደ በረት ሲያስገባ የጎደለችውን ሳይቆጥር በመልኳ ያውቃታል። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ሪፖርት የጻፍኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ዛሬ ሳስታውሳቸው አፍራለሁ።

የንባብ ችግርም እንደዚሁ። የእንግሊዝኛውን «ቢ» እና «ዲ» ገለበጠ አልገለበጠ ብለን የአማርኛ አንባቢን አንለይም። እኛ ጋ ማየት ያለብን ሌላ ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» ይለያል ወይ? «ተ»ን ከ«ቸ»ስ? ፊደሉን ለየብቻው አውቆ ቃል ሲሆን ይጠፋበታል ወይ? «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ ግን ተውት። ድምፁ አንድ ነው። ልጁ የሰማውን በትክክል ጽፏል።

የሚሻለው መፈተን፣ ትንሽ ማስተማር፣ እንደገና መፈተን ነው። ሃያ ደቂቃ አብሬው ሠርቼ ምን ያህል ተራመደ? በምን ዓይነት እገዛ? መምህሩ ነገ ክፍል ውስጥ የሚጠቀምበት ይህንን ነው እንጂ ቁጥሩን አይደለም።

የሚረብሸውን ልጅ ማስወጣት

አንድ አራተኛ ክፍል ውስጥ ያየሁት ልጅ አለ። ሒሳብ ላይ ሰላም ነው። አማርኛ ሲሆን ጎኑ ያለውን ይጎነትላል፣ እርሳስ ይነጥቃል፣ ያፏጫል። መምህሯ ታግሣ ታግሣ «ውጣ!» ትለዋለች። ይወጣል።

ሦስት ቀን ሙሉ ማስታወሻ ያዝኩ። ከረብሻው በፊት ምን ነበር? ረብሻው ምን ነበር? ከዚያስ ምን ተከተለ? ሦስቱንም ቀን ከረብሻው በፊት የነበረው በየተራ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ተራው ሊደርሰው ሁለት ልጅ ሲቀረው ይጀምራል። ሲባረር ከማንበብ ዳነ። ማለትም ቅጣት ያልነው ነገር ለሱ ሽልማት ነበር። በሰው ፊት ከመንተባተብ ደጅ ቆሞ ብርድ መመታት ይሻላል፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነው የምመርጠው።

የተስማማነው ቀላል ነገር ነው። የሚያነባትን አንቀጽ መምህሯ ባለፈው ቀን ትነግረዋለች፤ ቤት ከእህቱ ጋር ይለማመዳታል። ጎን ለጎን ፊደሉን ከሥር ጀመርንለት። ፉጨቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። መባረሩ ግን ቀረ።

ፈዛዛዋን መርሳት

ረባሹ ቢያንስ ይታያል። ዝም ያለችዋን ማንም ለኔ አይጠቁማትም። በተለይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በመሀል ለጥቂት ሰከንድ ዓይኗ ፍጥጥ ብሎ ይቀራል፣ ቢጠሯት አትሰማም፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። በቀን ብዙ ጊዜ ይህ ከሆነ ምናልባት የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሁሉም የሚጥል በሽታ መሬት ላይ አይጥልም። ይህ የሐኪም እንጂ የኔ ሥራ አይደለም። የኔና የመምህሯ ድርሻ ሰዓቱንና ብዛቱን መዝግቦ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው።

ፀበልን ከመድኃኒት ጋር ማጣላት

የሸንኮራ ዮሐንስና የጻድቃኔ ማርያም አገር ላይ ቁጭ ብሎ «ፀበሉን ተዉት» የሚል ባለሙያ ደንበኛ አያገኝም። ማግኘትም የለበትም። እናት ልጇን አዝላ እዚያ ድረስ የሄደችው ስለምትወደው ነው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እትዬ፣ ፀበሉንም ይጠመቅ፤ ክኒኑን ግን እንዳታቋርጡበት።» የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ከበፊቱ የባሰ ሊጥል ይችላል። ይህን ቁጭ ብለን ስናስረዳቸው አብረውን የሚቆሙ ካህናት አጋጥመውኛል።

ስሙን ሰጥቶ መሄድ

«ኦቲዝም ነው» ብሎ መሄድ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ምን እናድርግ? ለዚህ መልስ የሌለው ስም ለወላጅ ሸክም ነው።

የማይሠራ ዕቅድ መጻፍ

ስልሳ፣ ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል ለያዘ መምህር «በቀን አንድ ሰዓት ለብቻው ይርዱት» ብሎ መጻፍ ቀልድ ነው። ወረቀቱ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ውስጥ ያድራል። «ንባቡን ያሻሽላል» የሚለውም ዕቅድ አይደለም፤ ምኞት ነው። «እስከ ገና ድረስ ለ፣ ሰ እና በ ከነሰባቱ ድምፅ ሳይምታታ ያነባል፤ በቀን አምስት ደቂቃ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር በካርድ ይለማመዳል» ብትሉ ግን መምህሩም ይሠራዋል፣ ገና ሲደርስም ሆነ አልሆነ ይታወቃል። ክፍል ማስደገምም ያው ነው። ምንም ሳይለወጥ ያንኑ ዓመት ደግሞ መማር ያንኑ ውድቀት መድገም ነው።

ልጁን አለመጠየቅ

ወደ መጀመሪያዋ ልጅ ልመለስ። እኔ በሙያ ልማድ «ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጥ» ብዬ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር። እስቲ ልጠይቃት አልኩና «የት መቀመጥ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ሁለተኛውን ረድፍ ጥጉን፣ በመስኮቱ በኩል አሳየችኝ።

«ፊት ለምን አይሆንም?»

«ፊት ከሆንኩ ልጆቹ ሲመልሱ አፋቸውን አላይም።»

ልክ ነበረች። ከዚያ ጥግ መምህሩም ልጆቹም ይታያሉ። ብርሃኑም ከኋላዋ ስለሚመጣ ፊታቸው ላይ ያርፋል። እናትየው ጆሮዋን ለማስመርመር ሆስፒታል ቀጠሮ ይዘዋል። መምህሩ ደግሞ አሁን ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጋቢውን አገጩ ሥር አድርጎ ያስተምራል። አፍንጫው በብርድ ይቀላል።