ወደ ቆላ ሲወርዱ፦ ከሚነክሱና ከሚናደፉ ነፍሳት ራስን መጠበቅ

ከደጋ ተነሥቶ ወደ መተማ፣ ሁመራ፣ ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው ስንቁን፣ ልብሱንና የመኪናውን ነገር አስቀድሞ ያሰላል፤ ስለ ትንኝና ስለ ጊንጥ ግን ማሰብ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከተነከሰ ወይም ከተነደፈ በኋላ ነው። በቆላ ያሉትን ተናካሾች ሁሉ አጥፍቶ መጨረስ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። እያንዳንዳቸው የሚወጡበት ሰዓትና የሚሸሸጉበት ቦታ ስላላቸው፣ ያንን ለይቶ ያወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይሳቀቅ ሥራውን ሊሠራ ይችላል።

የወባ ትንኝ ዋነኛ ሰዓቷ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ ነው። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ስትሆን፣ ደም የምትፈልገውም እንቁላሏን ለማሳደግ ነው። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ ቤት ውስጥም ደጅም ትነክሳለች፤ ሰው ገና እራት ሲበላና ደጅ ተቀምጦ ሲጫወት ሥራዋን ስለምትጀምር፣ አጎበር ብቻውን የምሽቱን ክፍተት አይሞላም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ እና ከዚያ በታች ባለው ምድር፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ኩሬው ከረጋ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ይህን ማሰብ ግድ ነው። ከተማ ውስጥ ነኝ ብሎ መዘናጋትም አይገባም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። የዴንጊ ትኩሳትን የምታመጣው ሌላዋ ትንኝ ደግሞ በቀን ትነክሳለች። ስለዚህ በርሜሉን፣ ጀሪካኑንና ታንከሩን በጥብቅ መክደን፣ የማይከደነውንም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ማፍሰስና ውስጡን ማሸት የየቤቱ ሥራ ነው።

አጎበር ያለው ሁሉ ተጠብቋል ማለት አይደለም፤ ዋናው አሰቃቀሉ ነው። በመድኃኒት የተነከረ አዲስ አጎበር ከማሸጊያው ሲወጣ ለ24 ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ መናፈስ አለበት፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ታዳክመዋለች። ከዚያ በአራቱም ማዕዘን ወጠር ተደርጎ ይሰቀልና ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይወተፋል። መሬት ላይ የሚተኛ ሰው አራት እንጨት ተክሎ ሊሰቅለው፣ ጫፉንም ከምንጣፉ ሥር ሊያስገባው ይችላል። በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ገላ ከመረቡ ጋር እንዳይነካካ ነው። እኔ ራሴ አንድ ሌሊት ጠባብ አጎበር ውስጥ ክንዴን ከመረቡ አስጠግቼ ተኝቼ፣ ጧት ስነሣ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ድረስ መረቡን የነካው ቆዳ ብቻ እንደ ምስር ፍሬ በተደረደሩ ቀያይ እብጠቶች ተሸፍኖ ነበር፤ ሌላው ገላዬ ግን አንድ ንክሻ እንኳ አልነበረበትም። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ውስጥ ገብተው ባትሪ አብርተው ይመልከቱ፤ ቀድማ የገባች ትንኝ ካለች ያኔ ትገኛለች፣ ቀዳዳም ካለ ያኔ ይታያል። ቀዳዳውን በመርፌና ክር መስፋት ይበቃል። ሲቆሽሽ በተራ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል፤ በረኪና ፈጽሞ አይነካውም። አጎበርን ለዓሣ ማስገሪያ ማዋል ደግሞ የቤተሰብን ጤና አሳልፎ መስጠት ከመሆኑም በላይ መድኃኒቱ የውኃውን ፍጥረት ይጎዳል።

በመተማና በሁመራ ቆላ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርዱ ወጣቶች ከወባ ትንኝ ሌላ አንድ ጠላት አለባቸው፤ ብዙዎቹ ግን አያውቁትም። የአሸዋ ዝንብ የትንኝን ሲሶ የምታህል፣ ድምፅ የማታሰማ ነፍሳት ናት። ቀን በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ ቅርፊት ውስጥ ተደብቃ ትውልና ሲመሽ ወጥታ ትነክሳለች፤ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈውም እርሷ ናት። በዚያ ሙቀት ከግራር ሥር ማረፍ እጅግ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቀን ያረፉበት ጥላ ማታ መኝታ እንዲሆን አልመክርም። ከዛፉም ከተሰነጠቀውም መሬት ራቅ ብሎ፣ ቢቻል ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ መተኛት ይሻላል። ተራ መረብ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ታልፈዋለች፤ ሊያግዝ የሚችለው መድኃኒት የተነከረው አጎበር ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ እጅጌው ረጅም፣ ሰፋ ያለና ፈካ ያለ ቀለም ያለው ልብስ ለምሽት ይሁን፤ ሱሪውም በካልሲ ውስጥ ይግባ። በኦሞና በግቤ ሸለቆ ለሚጓዝ ሰው ሰማያዊና ጥቁር ልብስ አይስማማም፤ ከብትን በገንዲ በሽታ የምታሠቃየው የቆላ ዝንብ (ጼጼ) እነዚህን ቀለሞችና የሚንቀሳቀስ መኪናን ስለምትከተል፣ ስስ ልብስንም አልፋ በቀን ስለምትነክስ፣ የመኪናውን መስኮት መዝጋት ይበጃል። ለተጋለጠ ገላ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት (DEET) የሚባለው ትንኝ አባራሪ መድኃኒት ያለበት ፀረ-ትንኝ ቅባት ጥሩ ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ካለ እርሱ ይቅደም፤ ፀረ-ትንኙ ከላይ ይሁን። ቅባቱ ቁስል ላይና ዓይን አካባቢ አይነካም፣ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ለሚከቱ ሕፃናት መዳፍ ላይ አይደረግም፣ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃንም ጨርሶ አይቀባም። ነጭ ሽንኩርት መብላትና አረቄ መጠጣት ወባን አይከላከልም፤ ይልቁንም የጠጣ ሰው አጎበሩን ሳይዘረጋ ይተኛል። በጭስ ማባረር ትንኟን ለጊዜው ቢያሸሻትም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን የልጆችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል።

ጊንጥ ሰው ፈልጎ አይመጣም፤ ሰው በላዩ ሲመጣበት ነው የሚናደፈው። ድንጋይ ሲያነሡ፣ የማገዶ ክምር ውስጥ እጅ ሲሰዱ፣ ጧት ጫማ ሲያጠልቁ የሚደርሰው አደጋ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ጫማን ተረከዙን ይዞ ወደ ታች ገልብጦ ሁለት ሦስት ጊዜ መምታት፣ ልብስና ፎጣን ማራገፍ፣ አልጋን ከግድግዳ ማራቅ፣ ማታም ያለ ባትሪና ያለ ጫማ አለመውጣት ልማድ ይሁን። የተነደፈ ሰው ቁስሉን በሳሙና ታጥቦ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርግበት፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰድ። ቦታውን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥና በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። የተነደፈው ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ምራቅ ማዝረክረክ፣ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠርና የጡንቻ መንቀጥቀጥ ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።

ንብ ግን ሲቆጣ መንጋው አብሮ ይነሣል። አንዷ ስትናደፍ የምትረጨው ሽታ ሌሎቹን ስለሚጠራ፣ እጅ እያወናጨፉ መከላከል ነገሩን ያባብሳል። ፊትን በነጠላ ወይም በልብስ ሸፍኖ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና መሮጥና መዝጋት ያድናል፤ ውኃ ውስጥ ዘልሎ መግባት አይረዳም፣ ራስዎን ብቅ ሲያደርጉ እዚያው ይጠብቁዎታልና። ከዚያ በቆዳ ላይ የቀረውን የንቧን መንደፊያ በጥፍርም ሆነ በቢላዋ ጀርባ ፈጥኖ መንቀል ነው፤ የአነቃቀሉ ዘዴ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው የሚጠቅመው፣ መርዙ ከተነቀለ በኋላ አይጨምርምና። ከንፈሩ ያበጠ፣ ድምፁ የሻከረ፣ የሚያዞረው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ኤፒነፍሪን የሚባለው መርፌ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ እቤት ጠብቆ ማየት አይገባም።

ከብት በዋለበት ሣር ላይ የሄደ ሰው ማታ ብብቱን፣ ብሽሽቱንና ከጆሮው ጀርባ ያለውን ቦታ ይፈትሽ። መዥገር ካገኘ ከቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዞ ቀጥ አድርጎ በዝግታ ይሳበው፤ ላምባ መቀባትና በክብሪት ማቃጠል አይጠቅምም።

ከቆላ ተመልሰው ትኩሳት ከመጣ፣ ብርድ ብርድ የሚል ሕመምም ይሁን ራስ ምታት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ያድርጉ እንጂ ከሱቅ መድኃኒት ገዝተው ዝም አይበሉ። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በጥቂት ቀናት ሊገድል ይችላል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማከም የግድ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሰውነት ከከሳና በግራ ጎን ሆድ ካበጠ ካላዛርን ማሰብ ይገባል፤ ይህ በሽታ ካልታከመ ይገድላል። በ2005 እ.ኤ.አ. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝም በመጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ መቼና የት እንደነበሩ፣ የት ላይ ተኝተው እንዳደሩም ሳይጠየቁ ቀድመው ይናገሩ፤ የሄዱበትን ወረዳና የቆዩበትን ቀን በወረቀት ጽፎ መያዝም በትኩሳት ለደከመ ሰው ትልቅ እገዛ ይሆናል።